የሹም ሜሴጅ የማን ነው?

ከፋቹ፦ ሰላም ለቤቱ። ባለሥልጣን ስለ ሥራው በዋትስአፕ ወይም በሲግናል የሚጻጻፈው ነገር ሕዝብ ጠይቆ የሚያየው ሰነድ ነው ወይስ የግል ወሬ? እኔ ሰነድ ነው ባይ ነኝ። ውሳኔው የመንግሥት ከሆነ በማን ስልክ እንደተጻፈ ምን አገባኝ?

ቢሮ የሚውል፦ ቀስ በል ወንድሜ። እኔ በቀን ከምልከው ሜሴጅ አብዛኛው «ደረስክ?»፣ «ስብሰባው ተገፋ»፣ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ነው። ይሄ ሁሉ መዝገብ ቤት ይግባ? ደግሞ ሰው ያልበሰለ ሐሳቡን የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል። ሁሉም ነገ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ከሆነ ማንም አይጽፍም፤ ደውሎ ይጨርሳል።

መዝገብ ቤት፦ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ልናገር። «ቁልፉ ማን ጋ ነው»ን አስቀምጡ ያለ የለም። በወረቀት ዘመንም ብጣሽ ማስታወሻ ፋይል ውስጥ አትገባም ነበር። ጥያቄው ማን ይለያል ነው። የኔዘርላንድሱን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ማርክ ሩተን አስታውሱ። ለዓመታት የጽሑፍ መልእክቶቻቸውን በየቀኑ ያጠፉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰማ። ምክንያቱ? አሮጌዋ ኖኪያ ቦታ የላትም! ይቀመጥ ያሉትን ራሳቸው መርጠው ያስተላልፋሉ፣ የቀረው ይጠፋል። ሰውየው ክፉ ናቸው አልልም። ግን ተጠያቂው ራሱ ማስረጃ መራጭ ከሆነ እኛ ምን እንሠራለን?

ቢሮ የሚውል፦ ኖኪያዋ አሳቀችኝ። ግን እሳቸው አንድ ሰው ናቸው።

ከፋቹ፦ አንድ? የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን በክትባት ግዢ ጊዜ ከፋይዘር ኃላፊ ጋር የተለዋወጡትን ቴክስት አንዲት ጋዜጠኛ ጠየቀች። ኮሚሽኑ «የለንም» አለ። ፍርድ ቤት ሜይ 2025 ላይ እምቢታውን ሻረው። ልብ በሉ፣ መልእክቶቹ ይውጡ አላለም። «የለንም» ብቻውን አይበቃም፣ ለምን እንደሌለ በሚታመን መንገድ አስረዱ ነው ያለው።

የሕግ ሰው፦ የአሜሪካንን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 በተሻሻለው ሕግ፣ በግል አካውንቱ ስለ ሥራ የጻፈ ሹም ኮፒውን በ20 ቀን ውስጥ ወደ መንግሥት አካውንት ማስተላለፍ አለበት። በማርች 2025 ደግሞ የአሜሪካ ከፍተኛ ሹማምንት በየመን ላይ ስለሚደረግ ጥቃት የሚያወሩበት የሲግናል ግሩፕ ውስጥ ጋዜጠኛ በስህተት ገባ። ከመልእክቶቹ ገሚሶቹ በ1 ሳምንት እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። እስቲ አስሉት፦ ሕጉ 20 ቀን ይሰጣል፣ ታይመሩ 7።

ቢሮ የሚውል፦ እሺ፣ በታይመሩ ተረታሁ። የግል ስልኬን ግን ማንም አይበረብራትም። የልጄ ፎቶ አለ፣ የባለቤቴ ንዝንዝ አለ።

መዝገብ ቤት፦ ማን ይንካት ልጄ? ሥራውን በሥራ ስልክ አድርገው፣ መልእክቱ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ምን ለሕዝብ ይውጣ፣ ምን ይሸፈን የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ክርክር ነው። የጠፋውን ማን ይሸፍናል?

ቢሮ የሚውል፦ አይ እናንተ! አሁን እዚህ ስንጨቃጨቅ አለቃዬ በቻት «ግዢውን ቀጥል» ብሎኛል። ታይመሩ 24 ሰዓት። ስክሪንሹት አንስቼ ፋይሉ ላይ አያይዤዋለሁ። ነገ ሲጣላኝ አማልዱኝ።