ጥቆማ፦ የባክሆ ሃይድሮሊክ ጅማ ላይ ላሠራ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትራክተር ላይ የተገጠመ ባክሆ (የመቆፈሪያ ክንድ) አለኝ። ሰቃ መንገድ ላይ ለእሸት ቡና ማጠቢያ ጉድጓድ ስቆፍር አንዱ ሆዝ ፈነዳብኝ። ቡሙም (ዋናው ክንድ) ሞተር ሳጠፋ ቀስ እያለ ይወርዳል። የት ላሠራው? ዘይትስ የቱን ልግዛ?

— ወንድሜ፣ ሆዙን ብየዳ እንዳታስነካው። እኔ አምና ቸኩዬ አንድ ጋራዥ አፉን አስበየድኩ፤ ሦስት ቀን አልቆየም፣ 20 ሊትር ዘይት ቀይ አፈሩ ጠጣው። እዚሁ ጅማ አጂፕም ሆነ መርካቶ በኩል ስትጠይቅ «ሆዝ አለ?» አትበል፤ «መጭመቂያ ፕሬስ አለህ?» በል። ፕሬስ ያለው ሰው ለክቶ፣ ቆርጦ፣ አዲስ አፍ ጨምቆበት ሻይህን ሳትጨርስ ያስረክብሃል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ራስህ አንብብ። የግማሽ ኢንቹ ባለ አንድ ሽቦ የሚችለው ግፊት 160 ባር፣ ባለ ሁለት ሽቦው 275 ባር ነው። ለባክሆ ሁለተኛውን።

ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማዘዝ ለፓምፕና ለሲል ኪት (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዙት ጎማዎች) ያዋጣል። ለአንድ ሆዝ ግን 350 ኪሎ ሜትር መጠበቅ ሥራ መፍታት ነው። ካዘዝክም አሮጌውን ከነአፉ ላክ፤ የጥርስ ልክ በስልክ አይነገርም።

ዘይት ላይ ስም አያጣላንም፣ ቁጥሩን እይ። የራሱ ታንክ ካለው ለጅማ አየር 46 (የዘይቱ የውፍረት ቁጥር) ይበቃል፤ የቶታል አዞላ 46 ቢሆን፣ ሞቢል ዲቲኢ 25 ቢሆን። (25 የተባለው 46ቱ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።) ከትራክተሩ ካምቢዮ ጋር ዘይት የሚጋራ ከሆነ ግን መጽሐፉ ያዘዘውን የትራክተር ዘይት እንጂ 46 አትጨምርበት። ከተከፈተ በርሜል በሊትር የሚቀዳውን እኔ በነፃም አልወስድ።

— በቡሙ ልጨምር። በዘንጉ በኩል ሳያንጠባጥብ የሚወርድ ከሆነ ወይ የፒስተኑ ሲል ነው ወይ ቫልቩ። ዝም ብሎ «ሲል ነው» የሚልህን መካኒክ ቫልቩን አይቶት እንደሆነ ጠይቀው። ሲሊንደሩ ከተፈታ አይቀር ዘንጉን በጥፍርህ ዳብሰው፤ ጭረቱ ጥፍር ከያዘ አዲሱንም ሲል ይበላዋል፣ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የሚያፈስ ቦታ ስትፈልግ ግን እጅህን እንዳታስጠጋ! በካርቶን ፈልገው። ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ማሽኑ ክረምቱን ሜዳ ላይ ካደረ ደግሞ ታንኩን ክፈት። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አረፋ ብቻ ከሆነ ፓምፑ በመሳቢያው በኩል አየር እየሳበ ነው።

— አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ማኪያቶው ራሱ ነው። ከሆዙ በፊት ዘይቱን ላወርድ ነው፣ ፊልትሮውንም አብሬ። ያልተከፈተ ባለ 20 ሊትር 46 ያየ ካለ ይጠቁመኝ።