የጃፓን አስፈሪ ማንጋ ከማን ይጀመር?

አስፈሪ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን አስፈሪ ታሪክ፣ ማንበብ ለሚጀምር ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ ሽፋኑ ላይ ባለው የሽልማት ማኅተም ሳይሆን አቅማችሁ በሚችለው የፍርሃት ዓይነት ምረጡ። ሽልማቱ ለዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ገጽ ለመግለጥ እጃችሁ እንዲያመነታ ከፈለጋችሁ የጁንጂ ኢቶን «ኡዙማኪ» ያዙ። በጥምዝምዝ ቅርጽ የተለከፈች የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ነው። ገና ሲጀምር አንድ ጎልማሳ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ግድግዳ ላይ የተጣበቀች ቀንድ አውጣን አፍጥጦ ሲመለከት እናየዋለን። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፤ የሰውየው ዝምታ ብቻውን ልብ ያርዳል። ኢቶ አስፈሪውን ሥዕል ከገጹ ጀርባ ይሸሽገዋል፤ ገልጦ የሚያወጣው የአንባቢው ጣት ነው። ስለዚህ በስልክ ከማንበብ የታተመውን መፈለግ ይሻላል።

«ኡዙማኪ» የወጣው ከ1998 እስከ 1999 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኢቶ ለሥዕላዊ ታሪኮች የሚሰጠውን የአሜሪካ አይስነር ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ግን በ2019 ሲሆን፣ ያስሸለመውም ከሌላ ደራሲ ልብ ወለድ የቀዳው «ፍራንከንስታይን» ነው። በ2021 ደግሞ «ሬሚና» ተሸለመ። አይስነር ከጃፓን ሥራዎች የሚያወዳድረው አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ትርጉም ስለሆነ፣ የሽልማቱ ዓመት ሥራው የተወለደበት ዓመት እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም መጥፎ አይደሉም፤ ነገር ግን ኢቶን በእነርሱ መተዋወቅ ግብዣውን ከጣፋጩ እንደ መጀመር ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የካዙኦ ኡሜዙ «ተንሳፋፊው ክፍል» ነው። አንድ ልጅ ጠዋት ከእናቱ ጋር ተጣልቶ፣ ክፉ ቃል ተናግሮ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ከነተማሪዎቹ ከምድረ ገጽ ይጠፋል፤ በቦታው የቀረው ትልቅ ጉድጓድ ብቻ ነው። ልጆቹ ያሉት ሁሉ ነገር ባለቀበት፣ አሸዋ በወረሰው የወደፊት ዘመን ውስጥ ነው። እኔን ያስፈራኝ በረሃው አይደለም፤ እናትየው የዚያን ጠዋት ጠብ እያሰበች ልጇን መፈለጓ ነው። ያነበበ ወላጅ ሁሉ ይገባዋል። ሥዕሉ ያረጀ ይመስላል፤ ሃምሳ ገጽ ታገሡ። ይህ ሥራ በአገሩ በጊዜው የአሳታሚውን የሾጋኩካንን ሽልማት አግኝቷል፤ የፈረንሳዩ የሥዕላዊ ታሪኮች ፌስቲቫል አንጉሌም ግን ለኡሜዙ እጁን የዘረጋው በ2018፣ ያውም በሌላ መጽሐፉ ነው። በ2024 በ88 ዓመቱ አረፈ። በ1987 በስሙ በተሰየመው ውድድር ላይ ዕውቅና ካገኙት ጀማሪዎች አንዱ፣ ያኔ በጥርስ ቴክኒሻንነት የሚተዳደረው ኢቶ ነበር።

ደምና ሬሳ የማትወዱ ከሆነ የሺጌሩ ሚዙኪን «ኖንኖንባ» አንብቡ። በ2007 አንጉሌም የዓመቱ ምርጥ አልበም (ሥዕላዊ መጽሐፍ) ብሎ የሸለመው የመጀመሪያው ማንጋ ነው፤ እዚህ ላይ ማኅተሙን እመኑት። የራሱ የልጅነት ታሪክ ነው፤ አንዲት አሮጊት ጣሪያው ላይ ያለውን እድፍ እያሳየች፣ ሌሊት እየመጣ በምላሱ የሚልሰው ፍጡር የተወው ነው ትለዋለች። በአያት ተረት ላደገ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

የማንጋ መጽሐፍ የሚገለጠው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሥዕሎቹ ያሉባቸው ሣጥኖችም እንዲሁ ይነበባሉ። ሁለት ምዕራፍ ካለፋችሁ ዓይናችሁ ይለምደዋል።