«ስልኩ በእጁ ነው»፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥልጠና ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?

የሰላ ድንጋዩ (ሰሜን ሸዋ)፦
በዘንድሮው የትምህርት ዘርፍ የማጠቃለያ ስብሰባ ላይ አንድ ተሳታፊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በሥልጠና ዕቅዱ ውስጥ ለምን እንዳልተካተቱ ጠይቆ ነበር። ከመድረክ የተሰጠው መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ያወጣል፣ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ መማር ከፈለገ ስልኩ በእጁ ነው» ተባለ፤ አዳራሹም ሳቀ። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ መመሪያ ወጥቶለታል፤ ርእሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም በዚያው ውስጥ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፉን ከቴሌግራም አውርዶ በፍላሽ ይዞ «ክፈችልኝ፣ አትሚልኝ» የሚለውን ተማሪ የሚያስተናግደው ሰው ግን በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ ማውስ ነክቶ የማያውቀውን የገጠር ልጅ ማን ሊያለማምደው ታስቦ እንደነበር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ጡረተኛው ርእሰ መምህር (ደብረ ሲና)፦
እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ፤ ከሳቁትም አንዱ ነኝ። ንግግሩ ሸካራ ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው። ባገለገልሁባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ጠመኔ ያሳመመው፣ ጡረታው የደረሰ ወይም ከአለቃው ጋር የተጣላ መምህር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አሠልጥኖ ምን ማትረፍ እንደሚቻል አይገባኝም። በእኛ ዘንድ ሥልጠና ማለት አበል ማለት እንደሆነም እንተዋወቃለን፤ የሚሄደው የአለቃው ወዳጅ ነው፣ ይዞት የሚመለሰውም ቦርሳና ሰርተፊኬት ነው። መማር የፈለገ ሰው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን፣ ኮደርስ የተባለውን የኢንተርኔት ሥልጠና በስልኩ መከታተል ይችላል። ዲዊ መጻሕፍት በርእሰ ጉዳያቸው ቁጥር የሚሰጣቸውን አመዳደብ ያወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም መደርደሪያችን ላይ ያለው እርሱ ስለሆነ፣ ተለወጠ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አስረዱኝ።

የእነዋሪዋ፦
ጋሼ፣ እጁ ላይ ስላለው ስልክ እንነጋገር። የማን ስልክ ነው? ጥቅሉንስ የሚገዛው በማን ደመወዝ ነው? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ያ ስልክ ሰዓት ከማየት በቀር ምን ያገለግል ነበር? ኮደርስ የሚያስተምረው ፕሮግራም መጻፍ፣ የዳታ ትንተና፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ትምህርቱን አልንቅም፤ የእኔን ችግር ግን አይነካውም።

የእኔ ችግር እንዲህ ያለ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ መጻሕፍቱን በኤክሴል መዝግቦልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ተማሪ መጥቶ ርእሱ «ፀሐይ» የሚል መጽሐፍ ሲጠይቀኝ እኔ በ«ፀ» እጽፋለሁ፤ መዝገቡ ላይ ያለው በ«ጸ» ነውና ኮምፒውተሩ «የለም» ይለኛል። መጽሐፉ ከጀርባዬ ተቀምጧል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ላይም ነገሩ ያው ነው። ከውጭ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ (የመጻሕፍት ዝርዝር) ገልብጠን የምናመጣው መዝገብ ደግሞ የደራሲውን አባት ስም አስቀድሞ ያስገባዋል፤ እኛ ዘንድ ማንም ሰው ደራሲን በአባቱ ስም አይፈልግም። ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ ካለ ይላኩልኝ።

ስለ ዲዊም ከጠየቁ፣ የአማርኛው ልብ ወለድ፣ ግጥሙና ቲያትሩ በሙሉ በዲዊ ቁጥር 892.8 ሥር ይታጨቃል። ልጁ የሚያነበው ከሞላ ጎደል እርሱን ብቻ ሆኖ ሳለ ግማሽ መደርደሪያ አንድ ቁጥር ተለጥፎበት ይኖራል፤ ቁጥሩን እንዴት ከፍሎ ማስፋት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ደግሞ የተማረ ሰው ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)፦
እህቴ ያነሣችው የፊደል ጉዳይ የቤተ መጻሕፍት ሙያ አይደለም፤ የሶፍትዌር ነው። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ቅንብር መሥራት ይቻላል። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንድ ባለሙያ ይጭነዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ሠራተኛው ይጠቀምበታል። ለመጠቀም ደግሞ የግማሽ ቀን ማሳየት ይበቃል።

የእነዋሪዋ፦
ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይቆጠሩ ብሎ የሚያዝህ ማን ነው? የደራሲው ስም አይገለበጥ የሚልህስ? ያን የሚነግርህ ሰው ከሌለ የላቲኑን አሠራር እንዳለ ጭነህልን ትሄዳለህ፤ እኛም በመዝገብ ደብተር እንቀጥላለን።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
ሳልጠየቅ የጫንሁበት ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲጠጣ የማገኘው ግን እኔ ነኝ።

የአረርቲው፦
ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር እየተመለሳችሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቤተ መጻሕፍቱን የሚፈልገው ሰው መለወጡ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ሁሉም ሰው ሕንፃውን ፎቶ እያነሣ ላከልን፤ የእኛ አንድ ክፍል ቤት ግን ቅጽ የሚያስሞላ አባት፣ ለፋይዳ መታወቂያ የመጣላትን መልእክት የምታስነብብ እናት፣ ከቤቱ ተፈናቅሎ ትምህርቱ ያመለጠው ልጅ የሚመጣበት ሆኗል። ሠራተኛው «ሥራዬ አይደለም» ቢላቸው እውነቱን ነው፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈምና። መብራት ባለበት ሰዓት ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን የሚያስነብበው ኪዊክስ አለ፤ የትምህርት ቪዲዮና ልምምድ ጭኖ በአንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ልጅ የሚያዳርስ ኮሊብሪም አለ። ሁለቱም በነፃ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዶ ማምጣት ብቻ ይበቃል። ሐሳቤ ይህ ነው፦ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ክረምት ላይ አንባቢ ሲቀንስ የወረዳ ሠራተኞች እየመጡ ለሁለት ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያዎች ጎን ተቀምጠው ቢሠሩ፣ ቦርሳም አዳራሽም ሳያስፈልግ ሙያ ይገበያል።

ጡረተኛው ርእሰ መምህር፦
የሁለቱ ሳምንት አልጋና ምግብስ? አበልን በጓሮ በር አስገባኸው።

የመሐል ሜዳው፦
እንደ ተለመደው ሁሉም ነገር ወደ ደብረ ብርሃን ይጠራል! በሐምሌ ዝናብ ከመንዝ ወርዶ፣ በዚያ ብርድ አልጋ ተከራይቶ የሚማር ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያው መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሁለት አሠልጣኞች ላፕቶፕ ይዘው ወደ እኛ ቢወጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

የአረርቲው፦
አሠልጣኙ ወደ እናንተ ቢወጣ በየትኛው ኮምፒውተር ያሳያችኋል? ሰውየው የሚሠራ ካታሎግ፣ የሚያበድር ጠረጴዛ፣ የሚጨቃጨቅ ተማሪ አይቶ ካልሆነ በቀር በስላይድ የሚማረው ነገር በሳምንቱ ይረሳል።

የመሐል ሜዳው፦
ኮምፒውተር የለንም ያለህ ማን ነው? አለን፤ ሣጥኑም አልተከፈተም።

የሰላ ድንጋዩ፦
ጋሼ፣ «ጠመኔ ያሳመመው መምህር» ብለው ያለፉት ሰው ላይ ልቆይ። ያን ሰው ቤተ መጻሕፍት የሚመድበው ማን ነው? ርእሰ መምህሩ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ልጆቹን በስም ያውቃል፣ የትኛው ክፍል ምን እንደሚከብደው ያውቃል፤ የጎደለው መዝገብ አያያዝና ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እርሱን ማስተማር ከዜሮ ከመጀመር ይቀልላል። እናንተ ግን ቁልፍ ሰጥታችሁት ትሄዱና ቁልፍ ያዥ ሆነ ብላችሁ ትስቁበታላችሁ።

ጡረተኛው ርእሰ መምህር፦
ልጄ፣ የመደብሁት ሌላ ሰው ስላልተሰጠኝ ነው። የምለው መጀመሪያ ሰው ይመረጥ፤ መደቡ በሙያው የተማረ ሰው ይጠይቅ፤ ከዚያ ሥልጠናውን እኔም እፈርምበታለሁ። ሰው ሳይመርጡ ማሠልጠን የመንግሥት ገንዘብ ማባከን ነው።

የእነዋሪዋ፦
እኔ በሙያው ዲፕሎማ ይዤ የተቀጠርሁ ነኝ፤ ተመርጫለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት የካርድ ካታሎግ ነበር፤ ከተቀጠርሁ ወዲህ አንድም ቀን «ነይና ተማሪ» ያለኝ የለም። ጠመኔ ያሳመመው ሰው እስኪወገድ እኔ ልጠብቅ ማለትዎ ነው?

ጡረተኛው ርእሰ መምህር፦
እንዳንቺ ያሉት ስንት ናቸው?

የእነዋሪዋ፦
ቆጥሮን የሚያውቅ አለ እንዴ?

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
ለመሐል ሜዳው ወንድሜ፦ ሣጥኑን እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቱት፤ ባለፈው አንድ ወረዳ ራሳቸው ከፍተው የኤሌክትሪክ መስመሩን ሳያዩ ሰክተው አቃጥለውታል።

የመሐል ሜዳው፦
መቼ ትመጣለህ? አበል ትጠይቃለህ?