ለግቢ ወርክሾፕ አውቶማቲክ የብየዳ ማስክ ልገዛ ነው፣ ምን አይቼ ልምረጥ?

የፍኖተ ሰላሙ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍቻለሁ። ኢንቨርተር ማሽን አለ፣ ግራይንደር አለ፣ የምሠራው ከላሜራና ከቱቦላሬ በርና መስኮት፣ አልጋ፣ አልፎ አልፎም የጋሪ ጥገና ነው። እስካሁን የምጠቀመው በእጅ የሚያዘውን፣ ጥቁር መስታወት ያለውን ማስክ ነው። አንዱ እጄ ማስክ ይዞ፣ አንዱ ኤሌክትሮድ ይዞ፣ ብረቱን ማን ይያዝልኝ? ታናሽ ወንድሜ ይይዝልኛል፣ ግን እሱ ፊቱን አዙሮ ነው የሚይዘው፣ ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

አሁን ብልጭታ ሲነሳ ራሱ የሚጠቁረውን ማስክ ልግዛ ብዬ ባህር ዳር ሱቆች ዞርኩ፣ መርካቶም ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። አንዱ ርካሽ ነው፣ ሌላው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ከውጭ ሲታዩ ግን ልዩነታቸው አይገባኝም። ሻጮቹም "ይሄ ፈጣን ነው፣ ይሄ ሶላር ነው" ከማለት አያልፉም። ርካሹ ዓይን ይጎዳል ወይ? ሥራ መሃል ባትሪው ቢያልቅ ምን ይደርስብኛል? የጥቁረት ቁጥሩንስ ስንት ላይ ላድርገው? አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነው የምጠቀመው፣ ወፍራም አንጎላሬ ሲመጣ 3.2።

ጣና ዳር፦

ወንድሜ ሳትገዛ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ባህር ዳር ውስጥ እንጀራዬ ብየዳ ነው። ከባትሪው ልጀምር፣ ብዙ ሰው በደንብ ያልተረዳው እሱን ስለሆነ።

ይሄ ማስክ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሚሠራው። አንደኛው መጥቆር ነው። መስታወቶቹ መሃል እንደ ካልኩሌተር ስክሪን ያለ ሊኩዊድ ክሪስታል አለ፣ ሴንሰሩ ብልጭታውን ሲያይ ኤሌክትሪክ ይሰጠውና ይጠቁራል። ሁለተኛው ሥራ ዓይን የማያየውን ጨረር፣ አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬዱን ማገድ ነው። ይሄኛው ባትሪ አይፈልግም። ከፊት ለፊት ያ ቀለም ቀለም የሚያንጸባርቀው መስታወት ማስኩ ጠፍቶም ቢሆን ያግዳል። ስለዚህ ማስኩ ትክክለኛ ከሆነ፣ ባትሪው መሃል ላይ ቢያልቅ ብርሃኑ ያጥበረብርሃል፣ ደንግጠህ ሥራ ታቆማለህ፣ ማታ ዓይንህን አሸዋ የሚያደርገው ጨረር ግን አልገባም ማለት ነው።

ካርቶኑ ላይ "1/25000 ሰከንድ"፣ "1/30000 ሰከንድ" የሚሉት ፍጥነት ጥቅሙ ለድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ ብረት ስታያይዝ ውለህ፣ ማስኩ ዘገምተኛ ከሆነ ማታ ዓይንህ ዝሎ ትገባለህ። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ለመምረጥ ብለህ ግን ብር አትጨምር።

ዋናው ነገር "ትክክለኛ ከሆነ" ያልኩት ላይ ነው። እሱን ለማወቅ የማስኩን ቀለምና ሥዕል ተወውና መስታወቱ ያለበትን ካርትሪጅ አውጥተህ ጽሑፉን አንብብ። በአውሮፓው ኢኤን 379 ደረጃ የተሠራ ከሆነ 4/9-13 የሚል ይኖረዋል፣ ቀጥሎ የአምራቹ ምልክት፣ ቀጥሎ 1/1/1/2 የመሰለ ነገር፣ መጨረሻ ላይ 379። 4 ማለት ሳይጠቁር ያለው ቁጥር ነው። 9-13 ሲጠቁር ልትመርጥ የምትችለው ነው። አራቱ ቁጥሮች ደግሞ የእይታው ጥራት ናቸው። የመጀመሪያው ነገሩ ሳይጣመም መታየቱን ይናገራል፣ ሁለተኛው ጉም ጉም አለማለቱን፣ ሦስተኛው ጥቁረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን፣ አራተኛው ወደ ጎን ስታይ ጥቁረቱ አለመለዋወጡን። 1 ምርጥ ነው፣ 3 ደካማ። 1/1/1/1 ውድ ነው። ለአንተ ሥራ 1/1/1/2 በጣም በቂ ነው። አዳዲሶቹ ላይ 379 በሚለው ፈንታ 16321 የሚል ልታይ ትችላለህ፣ እሱ ተተኪው ደረጃ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ግን ሻጩ ምንም ቢምል አትግዛ። ጨረሩን ማገዱን አንተም ሱቁም በዓይን አይታችሁ ልታውቁት አትችሉም፣ ያለህ ማስረጃ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ቁጥሩ፦ 2.5 ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፒር ገደማ ነው የሚሠራው፣ 10 ላይ አድርገው። 3.2 ከ90 እስከ 140 ስለሚሄድ 11 ላይ። አንድ ቁጥር ስትጨምር የሚያልፈው ብርሃን ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው የሚወርደው፣ ቀላል ለውጥ አይደለም። 12 ላይ ጀምረህ የቀለጠው ብረት ጥርት ብሎ እስኪታይህ አንድ አንድ እያልክ ዝቅ አድርግ፣ ካልኩህ በታች ግን አትውረድ።

ሲስተር ከማርቆስ፦

ደብረ ማርቆስ ዓይን ክፍል ነው የምሠራው። እኔ ስለ ማስኩ ዓይነት ብዙ አላውቅም፣ ጣና ዳር በደንብ አስረድቶሃል። እኔን ያሳሰበኝ ታናሽ ወንድምህ ነው።

በብየዳ ዓይናቸውን ተቃጥለው የሚመጡት በያጆች ብቻ አይደሉም። ብረት የያዘላቸው ልጅ፣ አጠገብ ቆሞ ሲያወራ የነበረ ጓደኛ፣ ግቢ ውስጥ ሲጫወት የነበረ ሕፃን ይመጣሉ። ፊት ማዞር መከላከያ አይደለም። ጨረሩ ከነጭ ግድግዳና ከሚያብለጨልጭ ላሜራ ላይ ነጥሮ በጎን ይገባል። አንተም ራስህ ማስክ አድርገህ ከኋላህ ሌላ ሰው ቢበይድ በጀርባ ገብቶ ከማስኩ ውስጠኛ መስታወት ላይ ይነጥርብሃል።

ሰውን የሚያዘናጋው ሕመሙ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ነው የሚነሳው። አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ ያነባል፣ መብራት ማየት አይቻልም። የተጎዳው የዓይን ብሌኑ የፊት ሽፋን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። ግን እባካችሁ ወተት አትጨምሩበት። ድንች ቆርጣችሁ አትለጥፉ። ሽፋኑ ተልጧል እኮ፣ ጥሬ ወተት ጀርም ይዞ ነው የሚገባው። የሚያደነዝዝ ጠብታም ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መጠቀም አደገኛ ነው፣ ሕመሙን ይሸፍናል፣ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። አታሹት፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ በተጨፈነ ዓይን ላይ አድርጉ፣ ጨለማ ቤት ዕረፉ፣ ካልተሻለ ወይም እይታ ከደበዘዘ ኑ።

የፀሐይ መነጽር አድርጎ መበየድ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ለብየዳ ይበቃል የሚል ወጣት በየቦታው አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አውቶማቲኩን ስትገዛ አሮጌውን የእጅ ማስክህን አትጣለው። መስታወቱ ያልተሰነጠቀና ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሚል ከሆነ ለወንድምህ ስጠው፣ በአንድ እጁ ማስኩን፣ በሌላው ብረቱን ይያዝ። ሕፃናት ግቢ ውስጥ ካሉ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ነገር ጋርድ።

አንጎላሬ፦

ከእንጅባራ ነው። ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ ጥቂት ልጨምር።

ሴንሰር ቁጠር። ርካሾቹ ሁለት አላቸው፣ ሻል ያሉት አራት። በርና መስኮት ጠረጴዛ ላይ ስትበይድ ሁለቱም ይበቃል። ጋሪ ሥር ገብተህ፣ ወይ ቱቦላሬው ፊትህን ከልሎት ስትበይድ ግን ሴንሰሩ ብልጭታውን አያየውም፣ ማስኩ ቦግ ጥፍት ይልብሃል። የጋሪ ጥገና እሠራለሁ ስላልክ ነው ይሄን ያነሳሁት። ወደፊት ቲግ ብየዳ (በጋዝ ታግዞ፣ በማይቀልጥ ኤሌክትሮድ የሚሠራው) ካሰብክ አራት ሴንሰር ይሻልሃል፣ በዝቅተኛ አምፒር ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ።

እኛ ደጅ ፀሐይ ላይ ነው የምንበይደው። ፀሐዩ ብቻውን ማስኩን ሊያጠቁረው ይችላል። የስሜት ማስተካከያ፣ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁልፍ ያለው ግዛ፣ ደጅ ስትወጣ ዝቅ ታደርገዋለህ። ዲሌይ የሚባለው ቁልፍ ደግሞ ብየዳው ካበቃ በኋላ ምን ያህል ጠቁሮ እንደሚቆይ ነው። በ3.2 ስትሠራ ብረቱ እንደፋመ ስለሚቆይ ረዘም አድርገው፣ ነጥብ ነጥብ ስትበይድ አሳጥረው።

"ሶላር ነው" ሲሉህ ውስጡ ባትሪ አለ ወይ፣ ይቀየራል ወይ ብለህ ጠይቅ። ብዙ ርካሽ ማስክ ላይ ባትሪው ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ሲያልቅ ካርትሪጁን ሙሉ ትጥለዋለህ። ክብ፣ እንደ ሳንቲም ያለችው የሊቲየም ባትሪ ተንሸራታ የምትወጣበት ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

ሱቅ ውስጥ መጥቆሩን ለመሞከር የቴሌቪዥን ሪሞት ሴንሰሩ ላይ አነጣጥረህ ተጫን። አብዛኛው ማስክ ቦግ ጥፍት ይላል። ግን ይሄ ሴንሰሩ መሥራቱን ብቻ ነው የሚያሳይህ፣ ጨረር ስለማገዱ አይነግርህም።

ስለ ብራንድ፦ ስፒድግላስ ከስዊድን በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ይሄን ዓይነት ማስክ ያስጀመረ ነው፣ ኦፕትሬልም ስሙ ትልቅ ነው፣ ገንዘቡ ካለህ ማን ይጠላል። ለግቢ ሥራ ግን ደረጃው የተጻፈበት መካከለኛ ማስክ ከነመለዋወጫው ይሻልሃል።

የፍኖተ ሰላሙ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ የወንድሜን ነገር ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባህር ዳር ካየኋቸው ሁለት ቀርተውኛል። አንዱ ሁለት ሴንሰር ነው፣ 1/1/1/2 እና 379 የሚል ተጽፎበታል፣ ባትሪው ይቀየራል። ሌላው አራት ሴንሰር ነው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው፣ ግን ከካርቶኑ በቀር ካርትሪጁ ላይ ምንም የለም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

አንጎላሬ፦

ሳታመነታ የተጻፈበትን። አራት ሴንሰር እወዳለሁ፣ ግን ደረጃ ከሌለው አልነካውም። ጋሪ ሥር ስትገባ ሴንሰሮቹ እንዳይከለሉ አቀማመጥህን አስተካክል፣ ካልሆነም ለእሷ ሥራ የድሮውን ጥቁር መስታወት ተጠቀም።

ጣና ዳር፦

በዚህ እስማማለሁ። ስትገዛ ከውጭ የሚለበጠውን ፕላስቲክ ሦስት አራት አብረህ ግዛ፣ ልኩም ከማስኩ ጋር መግጠሙን እዚያው ሞክረው። የብየዳ ፍንጣሪ የሚመታው እሱን ነው፣ ሲቆሽሽ አይታይህም፣ ያኔ ሰው ቁጥር ይቀንሳል ወይ ፊቱን ያስጠጋል። ካርትሪጁን ያለ እሱ አትጠቀም፣ አንድ ፍንጣሪ መስታወቱን ከነካው አለቀ። የግራይንደር ቁልፍ ካለውም ወደ ብየዳ መመለስህን ኤሌክትሮድ ከማስነካትህ በፊት አረጋግጥ፣ እዚያ ላይ ከቆየ ማስኩ አይጠቁርም። ማስኩ ጭስ እንደማይከለክልም አትርሳ፣ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲሆን የምትበይድበትን ቦታ መጀመሪያ ፍቀህ፣ በር ከፍተህ፣ ነፋሱን በጎንህ አድርገህ ሥራ።

ስትሞክረው ጭንቅላት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ አጥብቀህ አንገትህን ወደ ፊት ወደ ኋላ አድርግ። ከተንሸራተተ ወይ ግንባርህን ከቆረጠህ ቀበቶው የተሻለውን አስመርጥ።