የኖቡ ምግብ ውስጥ ቃሪያና ሎሚ ከየት መጣ?

ሄኖክ ከዱባይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። አለቃችን ነጋ ጠባ ስለ ታዋቂው ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳ ያወራል። ሰውየው ጃፓናዊ ነው፤ ታዲያ ምግቡ ላይ ቃሪያና ሎሚ ለምን በዛ?

ሱሺ ሠሪው፦
ሱሺውን (የጃፓኖቹን ሩዝና ጥሬ ዓሣ) የተማረው ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ሰፈር ነው። ቃሪያው የፔሩ ነው። በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው፣ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሄዶ ሬስቶራንት ከፈተ። እዚያ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በቃሪያ ይበላል። ከዚያ አርጀንቲና ሞከረ፣ አልሆነለትም። አላስካ የከፈተው ምግብ ቤት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በእሳት ወደመ። እኔ ብሆን ቢላዬን ሸጬ ታክሲ እነዳ ነበር! እሱ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ተቀጠረ፤ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ማትሱሂሳ የሚባል የራሱን ሬስቶራንት ከፈተ።

ሳሪ፦
ሮበርት ደ ኒሮን ረሳኸው እንዴ? ተዋናዩ ደንበኛው ነበር። ኒውዮርክ አብረን ሬስቶራንት እንክፈት ቢለው ኖቡ ዓመታት አስጠበቀው። የተከፈተው በ1994 ነው።

ሱሺ ሠሪው፦
ልክ ነሽ፣ ከእሳቱ በኋላ ማንም ይጠነቀቃል። እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነው። አንዲት ደንበኛ ጥሬ ዓሣ አልበላም ብትለው የጋለ ዘይት አፈሰሰበት። ላዩ ብቻ በሰለ፣ እሷም በላች።

ሄኖክ፣ የሱን ምግብ መሞከር ካማረህ በሚሶ ከሚዘፈዘፈው ዓሣው ጀምር። ሚሶ (የፈላ የአኩሪ አተር ድልህ)፣ ሳኬ (የሩዝ መጠጥ)፣ ሚሪን (ጣፋጭ የሩዝ ወይን) እና ስኳር አፍልተህ አቀዝቅዝ፤ ዓሣውን ሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፈው። ከመጥበስህ በፊት ላዩን ጥረገው፤ አለዚያ ስኳሩ ያርርብሃል።