ጥቆማ፦ የድመት ጥፍር ማስነቀሉን ተዉትና ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት

«ሶፋዬን ጨረሰችው፤ ጥፍሯን በርካሽ የሚነቅልልኝ ክሊኒክ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ከዲሲ አካባቢ ሐበሾች በተደጋጋሚ ይመጣል። እዚህ አካባቢ የምጠቁመው የለኝም። ሜሪላንድ በ2022 ከልክላለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ ቨርጂኒያ በ2024፣ ዲሲም እንዲሁ። ሐኪሙ ጥፍር የሚያወጣው ድመቷ ራሷ ሕክምና ሲያስፈልጋት ብቻ ነው፤ ዕጢ ወይም የማይድን ቁስል ሲኖራት ማለት ነው። ሶፋ ሕመም አይደለም።

ሌላ ስቴት ድረስ ነድቶ ለማስነቀል የሚያስብም አይጠፋም። ቪሲኤ እና ባንፊልድ የሚባሉት ትልልቆቹ የእንስሳት ክሊኒኮች ግን ሕጉ ባልደረሰበት ስቴትም ቢሆን ከ2020 ጀምሮ ትተውታል። እስራኤል ያላችሁማ ጭራሽ አታስቡት። እዚያ ከ2011 ጀምሮ እስር ያለበት ወንጀል ነው።

«ነቀላ» ስንል ጥፍር ብቻ የሚነሳ ይመስለናል። የድመት ጥፍር የበቀለው ከጣቷ የመጨረሻ አጥንት ላይ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው አጥንቱ ጭምር ነው። የፊት እግሮቿ ላይ ብቻ አሥር ጣት አለ። «በሌዘር ነው፣ አያማትም» የሚላችሁ ካለ፣ ሌዘር ደሙን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ያው ጣት መቁረጥ ነው። በ2017 ጥፍራቸው የተነቀለ 137 ድመቶች ካልተነቀለባቸው ሌሎች 137 ጋር ተነጻጽረው ነበር። የተነቀለባቸው ከአሸዋቸው ውጭ የመጸዳዳት ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፣ የመናከሱ ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ። የተቧጨረ ሶፋ ልብስ ይሸፍነዋል፤ የድመት ሽንት የጠጣ ምንጣፍ ግን የቤት ኪራይ ዲፖዚታችሁን ይዞ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸው ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ እናት አባት ካሉ ፍርሃቱ ይገባኛል። ለእነሱም ቢሆን መፍትሔው ጥፍሯን አጭር ማድረግ፣ በእጅ እየታገሉ አለማጫወትና ጭረት ሲኖር ወዲያው በሳሙና መታጠብ ነው። ጥፍር የሌላት ድመት ስትፈራ የሚቀራት ጥርሷ ነው፣ ንክሻ ደግሞ ከጭረት የባሰ ያመረቅዛል።

አሁን ወደ ዕቃው። መጀመሪያ የሚገዛው መቧጨሪያ ነው። ድመት የምትቧጭረው የጥፍሯን አሮጌ ሽፋን ለመጣል፣ ሰውነቷን ለማፍታታትና ሽታዋን ለመተው ነው። ስለዚህ መቧጨሯን አታስቆሟትም፤ ቦታውን ብቻ ነው የምትቀይሩት። በርካሽ የሚሸጡት አጫጭሮቹ ግንዶች ገንዘብ ማባከኛ ናቸው። ይወላወላሉ፣ አንዴ ከተነቃነቀባት ደግሞ ዳግመኛ አትነካውም። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መቀመጫው ሰፊና ከባድ የሆነ ይሁን። ስማርትካት የሚባለው በተሸመነ ቃጫ የተሸፈነው ይህን ያሟላል፤ ከርካሾቹ ይወደዳል ግን የእኔ ምርጫ እሱ ነው። በገመድ የተጠመጠሙትም አይከፉም፣ ችግራቸው ከጊዜ በኋላ መላላታቸው ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን ከውጭ አታስመጡ። ወፈር ያለ እንጨት ላይ ቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም፣ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ መምታት፣ አለቀ። ምስማሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ይሁን፤ መሐል ላይ ካለ መዳፏን ይወጋታል።

ምንጣፍ መቧጨር የምትወድ ከሆነች ደግሞ ግንድ ሳይሆን መሬት ላይ የሚተኛ ካርቶን ነው የሚሆናት። ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይጣላል። ብናኙ ግን ቤቱን ይሞላዋል፣ በየቀኑ መጥረግ ነው። ሁለቱንም ቢሆን ጥግ ላይ አትደብቁት። የምታጠቃው ሶፋ አጠገብ፣ ወይም ስትነቃ ስለምትንጠራራ የምትተኛበት ቦታ አቅርቡት። ሶፋው ላይ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ቴፕ ለጥቂት ሳምንት ለጥፉበት። የሎሚ ሽታ ያላቸው ስፕሬዮች ላይ ገንዘብ አታጥፉ፣ ሽታው ሲጠፋ ተመልሳ ትመጣለች።

በጥፍሩ ላይ የሚለጠፉ የላስቲክ ቆቦችም አሉ፣ ሶፍት ፖውስ የታወቀው ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያሉ፣ ከዚያ እንደገና መለጠፍ። አራስ ልጅ ወይም አዲስ ሶፋ ለገባበት ቤት ለጊዜው ጥሩ ናቸው። በዘላቂነት ግን አድካሚ ነው፣ ውጭ ለምትወጣ ድመትም አይሆንም፤ ዛፍ መውጣትና ራሷን መከላከል ያቅታታል።

ጥፍር መቁረጡን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የሰው መቁረጫ ጥፍሯን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ትንሿን የድመት መቀስ ግዙ። ጣቷን ቀስ አድርጋችሁ ስትጫኑ ጥፍሩ ይወጣል። ሮዝ የሚታየው ደም ያለበት ነው፣ አትንኩት፤ ነጩን ጫፍ ብቻ ቁረጡ። ከደማ የበቆሎ ስታርች ነስነስ ማድረግ ነው። ዛሬ አንድ እግር፣ ነገ ሌላ ቢሆን ማን ይከሳችኋል?

እኔ አልደፍርም ለምትሉ፣ ፔትስማርት ሳሎኖች ውስጥ ይቆርጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጠይቋችኋል። ሰው ሲነካት የምታብድ ድመት ካለቻችሁ ግን ሳሎን አትውሰዷት፤ ወደ ሐኪሟ ይዛችሁ ሂዱ። ከጉዞው በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ ያዝላታል፣ ረዳቶቹም በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሱታል። በተረፈ ሰፈራችሁ ያለ ሳሎን ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ብዙዎቹ ውሻ እንጂ ድመት አይቀበሉም።