ሪፈርቢሽድ ራም፣ ኤስኤስዲ እና ፓወር ሰፕላይ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ባለጽሕፈቷ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራባት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ ናት፤ ፕሮሰሰሯ ኮር አይ 5፣ 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ ራሟ (ሲሠራ ብቻ የምትጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኳ የድሮው ዓይነት 500 ጊጋ። አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ነው። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ተሰልፏል፣ እሷ ግን ሃንግ ታደርጋለች፣ ዎርድ እስኪከፈት ድረስ እኔም እሱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን እንቀራለን። ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ዕቃዎቿ የሚያድለው ሳጥን) ደግሞ ሰሞኑን መንጫጫት ጀምሯል፣ አንዳንዴ ማሽኗ ራሷ ጥፍት ትላለች።

አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። መገናኛ ያለ አንድ ሻጭ በቴሌግራም አግኝቼ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ፈጣኑ ማከማቻ) እና ፓወር ሰፕላይ፣ ሦስቱንም ሪፈርቢሽድ (ያገለገለ ሆኖ የታደሰ)፣ ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ለክፍለ ሀገር በመኪና እንልካለን ይላል፣ ግን ብሩ ቀድሞ መግባት አለበት። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅም ለፋሲካ ስለምትመጣ ከዚያ ላምጣልሽ ብላኛለች። የቱ ይሻለኛል? ዕቃውስ እምነት ይጣልበታል?

ጠጋኙ (መርካቶ)

እህቴ፣ ሦስቱን ዕቃ በአንድ ዓይን አትያቸው።

ራሙን ብዙ ሳትሰጊ ግዢ። ራም በቀላሉ አያረጅም፣ ዛሬ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ስጋቱ ሌላ ነው። ከሰርቨር የተነቀለ ራም ገበያው ላይ በርካሽ ይሸጣል፣ አንቺ ማሽን ላይ ግን በፍጹም አይሠራም። ስለዚህ ሻጩን ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጥርት አድርገህ ፎቶ አንሳልኝ በይው። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ 2400ቲ ከሚለው ቀጥሎ የእንግሊዝኛው "ዩ" ፊደል ካለ የዴስክቶፕ ነው፣ "አር" ካለ የሰርቨር ነው፣ "ኤስ" ካለ የላፕቶፕ ነው። ማሽንሽ ያቺ መጽሐፍ የምታክለዋ ሚኒ ከሆነች ግን የምትወስደው የላፕቶፑን ነውና መጀመሪያ ከፍተሽ እዪ። ገጥመሽው ካልተነሳ አትደንግጪ፣ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ቀስ ብለሽ ጠርጊና መልሰሽ አስገቢው። ከዚያ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነሽ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትሸው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ወደ ሻጩ ይመለስ።

ኤስኤስዲውን አዲስ ግዢ። የሰው ልጅ የዓመት ልፋት የምታስቀምጪበት ዕቃ ነው። ሃርድ ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ እየተንቋቋ ወይም እየዘገየ ያስጠነቅቃል፣ ኤስኤስዲ ግን ደህና ውሎ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ያገለገለውን መግዛት ግድ ከሆነብሽ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶ በቪዲዮ ጥሪ ያሳይሽ። ስክሪንሾት አትቀበዪ፣ የየትኛው ዲስክ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ጤንነቱን በመቶኛ ያወጣዋል፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም ይናገራል። ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8760 ሰዓት ነው፣ በዚያ አስቢው።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቆም በዪ። የዚያ ዘመን ኦፕቲፕሌክስ ማዘርቦርድ በየሱቁ ያለውን ባለ 24 ፒን ገመድ አይቀበልም፣ ዴል የራሱን ሶኬት ነው የሠራለት። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅሽ ይገጥማል ካለሽ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። ደግሞም ገና ሳትገዢ ማሽኗን ክፈቻት። ራሷ ጥፍት የምትለው በሙቀት ሊሆን ይችላል። የፕሮሰሰሩ ፋን በአቧራ ከታፈነ፣ ተርማል ፔስቱም (ሙቀት እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባት) ከደረቀ፣ ፓወር ሰፕላይ ብትቀይሪም መጥፋቷን አትተውም።

ከቨርጂኒያ

ጠጋኙ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ አሜሪካው በኩል ልጨምር።

እዚህ ሪፈርቢሽድ ዕቃ ዋስትና አለው፣ ለምሳሌ አማዞን ሪኒውድ የሚለው ዕቃ በ90 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ለአንቺ ግን ዕቃው ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ያ ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው፣ መልሶ የሚልክልሽ የለም። ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ የምትገዛ ከሆነ ለመምጫዋ ሳምንት አታቆየው፣ ቀደም ብላ ትግዛና ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋር አስገብታ ትሞክረው፣ ካልሠራ እዚሁ ትመልሰዋለች።

ፓወር ሰፕላይ እንድታመጣልሽ ካሰብሽ ወረቀቱ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ ችግር የለም። የድሮዎቹ ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ነው የሚሆነው። እሱን ሳያገላብጡ የእኛ አገር 220 ላይ መሰካት ማለት ዷ ብሎ ይጨስና ያበቃል።

የራም ዋጋ ደግሞ እዚህም ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በጣም ወጥቷል፣ የኤአይ ዳታ ሴንተሮቹ ምርቱን እየጠቀለሉት ነው። አሜሪካ ርካሽ ነው ብላችሁ ሳታነጻጽሩ አትዘዙ።

ኔትወርክ ሠራተኛ

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ሪፈርቢሽድ መሆኑ ሳይሆን ማሽኗ ገንዘብ ይገባታል ወይ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፣ ያንቺዋ በአንድ ደረጃ ነው ያመለጣት። በዘዴ የሚጭኑ አሉ፣ ግን ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ተማሪ ፍላሽ ሲሰኩ ለሚውሉ ሰው ማሻሻያ የማያገኝ ሲስተም አልመክርም። ቫይረሱ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ሲዞር የሚወቀሰው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ስለዚህ አሁን የሚገዙት ዕቃ ነገ ወደ ሌላ ማሽን የሚሻገር ይሁን። ዲዲአር4 ራም 8ኛም 9ኛም ጄኔሬሽን ዴስክቶፕ ላይ ይገባል። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲም (እንደ ሃርድ ዲስክ በገመድ የሚሰካው ዓይነት) እንዲሁ። የዴል ፓወር ሰፕላይ ግን ከዚችው ማሽን ጋር ነው የሚቀበረው። ለእሱ የሚያወጡትን ብር ይያዙትና ሲሞላልዎት ያገለገለች ባለ 8ኛ ጄኔሬሽን ሙሉ ማሽን ይግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ለጠጋኙ፦ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚናገረው ቆጣሪ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ለሺዎች ሰዓታት የሠሩ የሲጌት ሃርድ ዲስኮች ቆጣሪያቸው ዜሮ ተደርጎ አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኝተዋል። እዚያ የሆነ እዚህ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ባለጽሕፈቷ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽኗን ከፈትኳት። ሚኒ አይደለችም፣ መካከለኛዋ ናት። የፕሮሰሰሩ ፋን ላይ የተጠቀጠቀው አቧራ ሌላ ነው፣ ክንፎቹ ራሱ አይታዩም ነበር። በብሩሽ ጠርጌ ከዘጋኋት ወዲህ ራሷን አላጠፋችም። ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው።

ሻጩን የራሙን ፎቶ ላክልኝ ስለው "ስንት ሰው ሸጠናል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠራጠሪ" አለኝ። ኤስኤስዲውንም በቪዲዮ አላሳይም ብሏል።

ጠጋኙ (መርካቶ)

እንግዲያው ተይው። ፎቶ ማንሳት ከከበደው ሻጭ ዋስትና አትጠብቂ። አዲስ አበባ ወንድም ወይም ዘመድ ካለሽ በአካል ሄዶ፣ ሱቁ ውስጥ ማሽን ላይ ተገጥሞ አይቶ፣ ስምና ቀን ያለበት ደረሰኝ ተቀብሎ ይግዛልሽ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ፣ አለበለዚያ ስትመልሺ "የእኛ አይደለም" ይላሉ።

ለጩኸቱ፣ ኮምፒውተሯ በርታ እያለች ጆሮሽን ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ወደሚተነፍስበት አስጠጊ። ከዚያ ከሆነ የሚንጫጫው ብዙ ጊዜ ፋኑ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በትንሽ ብር ይቀየራል። ግን ፓወር ሰፕላዩን ራስሽ እንዳትፈቺው፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ለባለሙያ ስጪው። ሲከፍተው ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚይዙትን ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃዎች) ይይልሽ፣ አናታቸው ካበጠ ፋን መቀየር ዋጋ የለውም።

ኤስኤስዲውን እዚያው ባሕር ዳር አዲስ ግዢ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ሳትገለብጪ ግን ምንም ነገር እንዳትነቅዪ። መብራት ድንገት እየሄደ የሚመጣባችሁ ከሆነም ከራሙ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ቢቀድም ደስ ይለኛል። የራሙን ፎቶ ከሌላ ሻጭ ስታገኚ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።